የበላነው በሬ ግብር

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የእኛ ጉድ ግን መስከረምን አስጠብቶ፣ ጥቅምትን አሳልፎ፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ ነው የተሰማው። የተሰማውም ከእኔው መዝገብ ነው።

ሶዶ ውስጥ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ፋብሪካ ይባል እንጂ ሃያ ሰው የሚሠራበት፣ ስንዴ በአንድ በር ገብቶ ዱቄትና ፉርሽካ በሌላ በር የሚወጣበት ግቢ ነው። ደመወዝ የምሠራው እኔ፣ የሥራ ግብሩን ቆርጬ በየወሩ ለገቢዎች የማስታውቀው እኔ፣ የካዝናውን ቁልፍ የምይዘው እኔ፣ የባለቤቱን ቁጣ የምሰማውም እኔው ነኝ። ለዚህ ሁሉ የሚከፈለኝን ብነግራችሁ ስለምታዝኑልኝ ይቅር።

በዓመት አንዴ መዝገባችንን የሚያይ ሰው ከውጭ እናስመጣለን። ቀጭን ነው፤ በእኛ ወጪ ምሳ ሲበላ ግን ቅጥነቱ የት እንደሚሄድ አላውቅም። በዚያ ኅዳር ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቶ መዝገቡን ሲያገላብጥ ቆየና ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«በሬ» አልኩት።

«በሬ መሆኑንማ አነበብኩት። ሦስት በሬ፣ ለሠራተኛ ቦነስ ይላል። የተሰጣቸው መቼ ነው?»

«መስከረም፣ ለጊፋታ።» ጊፋታ የእኛ የወላይታዎች ዘመን መለወጫ ነው፤ ያለ በሬ አይታሰብም።

«የመዘገብሽውስ?»

«ትናንት።»

«ግብሩስ?»

«የምኑ ግብር?»

መነጽሩን አወለቀ። እንዲህ ያለ ሰው መነጽሩን ካወለቀ ወንበር መያዝ ነው። «ለሠራተኛ ብር ስጡት፣ በሬ ስጡት፣ ስለ ሥራው ያገኘው ከሆነ ገቢ ነው» አለኝ። «ከመስከረም ደመወዛቸው ጋር ተደምሮ ግብሩ መቆረጥ ነበረበት። አሁን የመስከረሙን የግብር ማስታወቂያ ታስተካክያለሽ፤ እስክታስተካክዪ ድረስ ቅጣቱና ወለዱ በየወሩ ይጨምራል።»

«በሬው እኮ ተበልቷል» አልኩት።

«ደመወዝም ይበላል» አለና ወደሚቀጥለው ገጽ ገለበጠ።

በሬው እንዴት ቦነስ እንደሆነ ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት ባለቤቱ ዓመቱ ጥሩ ከሆነ ሰኔ ላይ መዝገብ ከተዘጋ በኋላ ትንሽ ትንሽ ብር ያከፋፍሉን ነበር። ብሩ ጊፋታ ሳይደርስ ያልቅ ነበር፤ ግማሹ ለትምህርት ቤት፣ ግማሹ ለዕዳ፣ የቀረው የት እንደገባ ሳይታወቅ። እዚህ አገር ወንዶች ተቧድነው ዓመቱን ሙሉ እያጠራቀሙ የጊፋታን በሬ ይገዛሉ፤ ሴቶች ደግሞ በጎን የቅቤውን ያጠራቅማሉ። ያጠራቀመ ይበላል፣ ያላጠራቀመ ጎረቤቱን ያያል። እናም የወፍጮው ኃላፊ፣ ጠንካራና አፈኛ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ባለቤቱ ፊት ቆሞ፣ «ጋሼ፣ ዘንድሮ ብር አይስጡን። በሬ ይስጡንና የቤታችን ሰው ይመርቅዎት» አላቸው።

ባለቤቱ የቤተክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ምርቃት ይወዳሉ፤ ከምርቃት የበለጠ ደግሞ ፉርሽካ ሳይሸጥ ተቀምጦ ሲያዩ ይቆጫቸዋል። በሬዎቹን ነሐሴ ላይ በርካሽ ገዝቶ ፉርሽካውን ማብላት! ዓይናቸው በራ። በበሬ ገበያዋ የታወቀችው የቤሌ ልጅ ስለሆንኩ በሬ መግዣው ወደዚያው ነው ተብሎ እኔም ብር ይዤ አብሬ ተላክሁ፤ ቤሌ ላይ መወለድ በሬ ማወቅ ይመስል። ሻጩን ደረሰኝ ስጠን ብዬ ብጠይቀው ጅራፉን ከፍ አድርጎ አሳየኝና ሰዉን ሁሉ አሳቀብኝ።

በሬዎቹ ከወፍጮው ጀርባ ታሰሩ። ሰውነታቸው በየቀኑ ሲሞላ እናይ ነበር። የእኛ ምሳ ሲዘገይ የእነሱ አይዘገይም። ሰው ሥራውን ትቶ ጀርባቸውን እየዳሰሰ፣ «ይሄኛው የኔ ነው» ይባባላል። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል፤ እነሱ ፉርሽካውን ሲያዩ እኛ ደግሞ እነሱን እያየን ገቢዎችን ረስተን ነበር።

መዝገቡ ለምን ዘገየ ካላችሁ፣ ደረሰኝ ስለሌለ ባለቤቱ በቃለ ጉባኤ መፈረም ነበረባቸው። «ቆይ፣ ከበዓል በኋላ» አሉ። ከበዓል በኋላ ደግሞ የስንዴ ግዢ መጣ። እውነቱን ለመናገር ግን ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ሁለት ወር ሲተኛ እኔም አልቀሰቀስኩትም። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ነው የተቀመጥኩት፤ የሂሳብ መርማሪው ነገ ይመጣል ሲባል ነው አስፈርሜ የመዘገብኩት።

አሁን ስለ ሹፌራችን መናገር አለብኝ። የስንዴ መኪናችንን ለብዙ ዓመት የነዳው እሱ ነበር። ዝም ያለ ሰው ነው፤ እኔ በቀን የምናገረውን እሱ በወር አይናገረውም። ሰኔ እስኪያልቅ ሲነዳ ነበር፤ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ታሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሞተ። የመጨረሻ ደመወዙን አስልቼ ለሚስቱ የሰጠሁት እኔ ነኝ። በሬዎቹ ሲገዙ እሱ የለም።

የእርዱ ቀን ለሥጋ ቆራጩ ልከፍል ቆሜ ስለነበር ሁሉንም አይቻለሁ። ሦስት በሬ፣ ከእያንዳንዱ ሰባት መደብ፣ በድምሩ ሃያ አንድ መደብ ሥጋ በእንሰት ቅጠል ላይ ተደረደረ። የምንሠራው ሃያ ነን። የወፍጮው ኃላፊ ስም የጻፈበትን የካርቶን ክዳን ይዞ አንድ በአንድ እየጠራ ዕጣ አወጣ። መጨረሻ ላይ የሹፌሩን ስም ጠራ። ማንም ማንንም አላማከረም፤ ሁለት ጫኞች ተነስተው መደቡን አነሱና ወደ ሟቹ ቤት ወሰዱት።

ይሄ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለሌላው ግን ልበል። ስሙ ተጠርቶ መደብ የሚወጣለት ቤት የቆመ ቤት ነው። በሳህን ሥጋ የሚላክለት ቤት ደግሞ የሚታዘንለት ቤት ነው። ሁለቱም ጠግበው ሊያድሩ ይችላሉ፣ ግን በሚመጣው ዓመት ቡድን ሲቧደን የሚቆጠረው የመጀመሪያው ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ከቁጥር ከወጣች መመለሷ ከባድ ነው።

እንግዲህ የሂሳብ መርማሪው ምሳውን በልቶ ከሄደ በኋላ ነገሩን ለባለቤቱ ነገርኳቸው።

«በልተው የጨረሱትን?» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«ማነው ያዘገየው?»

«እርስዎ ሳይፈርሙ—»

«አንቺስ ሳታስታውሺኝ?»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ ፈረዱ፤ ለገቢዎች አስቀድመው ይከፍላሉ፣ የሠራተኛው ግብር ከሠራተኛው ደመወዝ በሦስት ወር ተከፋፍሎ ይቆረጣል፣ ቅጣቱና ወለዱ ደግሞ ከእኔ። «በጌታ ቸርነት ትወጪዋለሽ» አሉኝ። ጌታ በሥራ ግብር ቅጣት ውስጥ እንደማይገባ ላስረዳቸው አልሞከርኩም። ደሜ ግን ፈልቶ ነበር፤ ምክንያቱም ቅጣቱ በየወሩ የሚያድገው በእኔ ኪስ ሆነ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለግኩት፣ ቶሎ መጨረስ።

ሠራተኞቹን ግቢ ውስጥ ሰበሰብኳቸው። አንዱ መደብ በሂሳብ አሥራ ሁለት ሺህ ብር እንደሆነ፣ ያም ከደመወዛቸው ጋር ሲደመር ግብሩ ለብዙዎቹ ከሦስት ሺህ ብር እንደሚበልጥ ነገርኳቸው። በጣታቸው ማስላት ጀመሩ። ከዚያ አንዱ ጫኚ እጁን አወጣ።

«የኔ መደብ አጥንት ይበዛበት ነበር። ለአጥንትም ግብር አለ?»

«አለ።»

«ለጨጓራስ?»

«ለጨጓራም አለ።»

«በሬው የበላው ፉርሽካ ይቀነስልን» አለ ሌላው። «ፉርሽካውን የተሸከምነው እኛ ነን።»

አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አለን፣ አያታቸው በድሮ ጊዜ ከሰሜን የመጡ፣ ጾም የማይሽሩ ኦርቶዶክስ። እሳቸው ደግሞ፣ «እኔ ሐሙስ ማታ ተሰጥቶኝ በነጋታው ዓርብ ስለሆነ አልቀመስኩትም። ቅዳሜ ነው የበላሁት። ግብሩ ከቅዳሜ ይታሰብልኝ» አሉ። ሰዉ በሳቅ ወደቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ሳቁ ሲያልቅ የእያንዳንዱን ፊት አየሁ። አራት ሺህ ከአምስት መቶ የሚከፈለው ሰው በወር አንድ ሺህ ብር ሲቆረጥበት ምን እንደሚተርፈው ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። «ይሄ በሬ ሲያገሳ ገና አሁን ሰማሁት» አለ የወፍጮው ኃላፊ፤ ግን አልተቃወሙም። የበላነው ነው አሉ፣ እንከፍላለን።

በነጋታው ገቢዎች ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ጉዳዩን ሰምታ ስትጨርስ ከንፈሯን ነከሰች፤ እንዳትስቅ ይመስለኛል። የተስተካከለ ማስታወቂያ እንዳመጣ፣ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ስም፣ ቲን የሚባለው የግብር ከፋይ ቁጥር፣ የደረሰው መጠንና ፊርማ ያለበት ዝርዝር እንዳያይዝ ነገረችኝ።

«ማን ምን እንደደረሰው የሚያሳይ ሰነድ አለ?»

የካርቶኑን ክዳን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ጥግ ጥጉ ላይ ደም ነበረበት።

በሁለት ጣቷ ይዛ ቆጠረችው። «እዚህ ላይ ሃያ አንድ ስም ነው። የደመወዝ ዝርዝራችሁ ላይ ሃያ ነው።»

ነገርኳት። ሐምሌ ላይ እንደሞተ፣ መደቡ ለቤቱ እንደሄደ።

«ሁለት መንገድ አለ» አለች። «ዓመቱን ሠርቶ ያገኘው ቦነስ ነው ካላችሁ ቢሞትም ገቢው ነው፣ ስሙ ይግባና ግብሩ ይከፈል። ለሐዘን ቤት የሰጣችሁት ዕርዳታ ነው ካላችሁ ደግሞ ከዝርዝሩ ይውጣና በዕርዳታ መዝግቡት። ምን እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ወስናችሁ አምጡ።»

ወደ ግቢው ስመለስ መንገድ ላይ ወሰንኩ። ስሙን ካስገባሁ የሟች ቲን መፈለግ፣ ሚስቱ ዘንድ ሄዶ ግብር አለብሽ ማለት፣ ፊርማ መለመን ይመጣል። ካወጣሁት አንዲት መስመር ናት፤ «ለሐዘን ቤት ዕርዳታ» ብዬ እጽፋለሁ፣ አለቀ። ለእሷም ይሻላታል አልኩ ለራሴ፤ ምንም አትከፍልም። መደብና ዕርዳታ እንደሚለያዩ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄው ነው። ዝርዝሩን በሃያ ስም ሠርቼ እንዲፈርሙበት በር ላይ ለጠፍኩት፤ ከታች በትንሹ ያቺን መስመር ጨመርኩ።

የወፍጮው ኃላፊ ዱቄት እንደለበሰ መጥቶ ከላይ እስከ ታች አነበበው።

«የሱ ስም የታለ?»

«ሞቷል እኮ።»

«መሞቱንማ አውቃለሁ፣ የቀበርኩት እኔ ነኝ። መደቡን በስሙ ነው የጠራሁት። አንቺም ቆመሽ ነበር።»

«ለሷ ብዬ ነው። ግብር ከምትከፍል በዕርዳታ ይያዝላት።»

«ዕርዳታ ከሆነ ለከርሞ አልጠራትም» አለ። ድምፁን አላነሳም። «ልጠራት ብልም ሰዉ በሳህን እንላክላት ይለኛል። በሬ ስናስር እሷ የለችበትም ማለት ነው። ይሄንን ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ቢያደርገው አልፈርድበትም።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ቅጣቱ ከእኔ ኪስ ነው፣ ቀኑ እየሄደ ነው፣ ደክሞኛል፣ እውነቱንም ነው የነገረኝ፤ እውነት ሲነገረኝ ደግሞ አፌ ይከፋል። «እንግዲያው በትንሣኤ ቀን ሲነሳ እቆርጥበታለሁ» አልኩት።

ዱቄት የለበሰ ፊት ሲገረጣ አይታይም፤ ዓይኑን ግን አየሁት። ሳይፈርም ሄደ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ያንን ቃል ብሮጥም አልደርስበትም። እሱ ሳይፈርም ሌሎቹም አልፈረሙም። ሦስት ቀን ሙሉ ወረቀቱ ባዶውን በር ላይ ዋለ። ባለቤቱ በየጠዋቱ ያዩታል፣ እኔን ያዩኛል፣ ይሄዳሉ።

በአራተኛው ቀን፣ በገበያ ቀን፣ የሹፌሩ ሚስት ቢሮዬ መጣች። ገበያ ላይ ጎደሬና ዝንጅብል ትሸጣለች፤ እጇ ላይ ገና አፈር ነበረበት። በዕድሜ እናቴ ልትሆን ምንም አይቀራት። ወንበር ሰጠኋት፣ አልተቀመጠችም። የተነጋገርነው በወላይትኛ ነው።

«ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጻፍሽ አሉ» አለች። «አንብቢልኝ።»

«ለእናንተ ተብሎ ነው እናቴ፣ ምንም—»

«አንብቢልኝ።»

አነበብኩላት። ለሐዘን ቤት ዕርዳታ። ሦስት ቃል ነው፤ ሳነበው ግን የሚያልቅ አልመሰለኝም።

«ሥጋውን ያመጡልኝ ልጆች ከበር ቆመው ስሙን ጠርተው ነው የሰጡኝ» አለች። «መደቡ ወጥቷል አሉኝ። እኔም ጎረቤት ጠርቼ፣ የሱ መደብ ነው ብዬ አበላሁ። ዕርዳታ መሆኑን ብትነግሩኝ ጎረቤት አልጠራም ነበር።»

ዓይኔን በጨው አጥቤ የምከራከር ሰው ነበርኩ፤ የዚያን ቀን ጨውም አላገኘሁም።

«ሲነሳ እቆርጥበታለሁ ብለሻል ደግሞ» አለች።

«ብያለሁ።»

«አሁን ቁረጪ። ስንት ነው?»

ካልኩሌተሩን አወጣሁ። ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። «ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ» አልኳት።

«ሌሎቹስ?»

«ሦስት ሺህም የሚያልፉ አሉ።»

ፊቷ ተለወጠ። «የኔ ለምን አነሰ?»

«ሕጉ ነው፣ እኔ አይደለሁም።»

«አዝነሽልኝ ነው የቀነስሽው።»

«አይደለም፣ በናትዎ።» በዚህ ምድር ላይ ግብሬ ለምን አነሰ ብሎ የተጣላ ሰው እሷን ብቻ ነው የማውቀው። ወረቀት አወጣሁና የጫኚውን ሂሳብና የባሏን ሂሳብ ጎን ለጎን ጻፍኩላት። ቁጥር ታውቃለች፤ ነጋዴ ናት። ይሄ ሰው ደመወዙ ይሄ ነው፣ መደቡ ይሄ ነው፣ ሲደመር ከፍ ይላል፤ ከፍ ሲል የሚቆረጠውም ከፍ ይላል። እዚህኛው ላይ ግን የሚደመር የለም አልኳት። «ለምን የለም?» አለች። «በመስከረም ደመወዝ ስላልነበረው ነው» አልኳት።

ወረቀቱን ብዙ አየችው። «ልክ ነው» አለች በመጨረሻ። «አልነበረውም።»

«እናቴ፣ እኛ ሠራተኞቹ ተሰብስበን እናዋጣለን፣ እርስዎ ምንም—»

«እናንተ ከከፈላችሁልኝ ያው ዕርዳታ ነው» አለች። የነጠላዋን ጫፍ ፈታች፤ የገበያው ብር ነው፣ አሮጌ አሥርና ሃምሳ። ሰባት መቶ ሃምሳ ቆጥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እነሱ በሦስት ወር ነው የሚከፍሉት አሉኝ። እኔም በሦስት ወር ነው። ደረሰኝ ስጪኝ።»

«በማን ስም ልጻፍ?»

እንደ ሞኝ አየችኝ። «በሱ ነዋ። ዓመቱን የነዳው ማን ሆነና?»

ደረሰኙን በሱ ስም ጻፍኩ። ከዚያ በር ላይ የነበረውን ወረቀት ቀድጄ አዲስ ሠራሁ፣ በሃያ አንድ ስም። ቲኑ ከድሮ የደመወዝ ዝርዝር ላይ ተገኘ፤ ያን ያህል የፈራሁት ነገር ሁለት ደቂቃ ነው የፈጀው። ፊርማ ቦታው ላይ እሷ ፈረመች፣ ቀስ ብላ፣ ብዕሩን ተጭና። ይዣት ወደ ወፍጮው ወጣሁ። ኃላፊው ወረቀቱን ተቀበለኝ፣ የሹፌሩ ስም ያለበትን መስመር ፈለገ፣ አገኘው፣ ፈረመ። ለእኔ አንድም ቃል አልተናገረም። ለእሷ ግን እጁን በሱሪው ጠርጎ ጨበጣትና፣ «ለከርሞ በሬውን ከጉኑኖ በኩል እንገዛለን ብለናል፣ ምን ትያለሽ?» አላት። እሷም የቤሌ በሬ ሥጋው ይሻላል አለች። እዚያው ቆመው ተከራከሩ። ሌሎቹ እስከ ምሳ ፈርመው ጨረሱ።

ገቢዎች የሄድኩት በዚያው ቀን ከሰዓት ነው። ሴትዮዋ ማስታወቂያውን ከዝርዝሩ ጋር መስመር በመስመር አመሳከረች፤ ሃያ አንደኛው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ሟቹ ይሄ ነው?»

«አዎ።»

«ዕርዳታ አላላችሁትም ማለት ነው።»

«ዕርዳታ አይደለም። ሠርቶ ያገኘው ነው።»

«ግብሩንስ ማን ይከፍላል? ድርጅቱ ነው?»

ልክ እንደ ሥራ ጉዳይ ልመልስላት ነበር ያሰብኩት። «እሱ ራሱ ነው የሚከፍለው» አልኩ። እሷ ቀና ብላ አየችኝና ማህተሙን አሳርፋ ወረቀቱን በመስኮቱ በኩል ገፋችልኝ። የቅጣቱን ክፍያ ሌላ መስኮት ላይ ከራሴ ብር ከፈልኩ።

ሹፌራችን ሲሞት የመጨረሻ ደመወዙን በቀን ሳካፍል አላለቀስኩም። ለቀብሩም ሥራ አለብኝ ብዬ ቀርቼ ነበር፤ የሰኔን የደመወዝ ግብር ማስታወቅ ነበረብኝ። እንግዲህ ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ማህተም ያለበትን ወረቀት ጭኔ ላይ አድርጌ፣ አፍንጫዬ እስኪዘጋ አለቀስኩ። አላፈርኩም ብል ውሸት ነው፤ በአፌም፣ በዚያች ትንሽ መስመርም አፍሬ ነው ያለቀስኩት። የባጃጁ ሹፌር በመስታወቱ አየኝ፣ ወደኋላ ዞሮ የወጣሁበትን ቢሮ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«አይዞሽ እህቴ» አለኝ። «ብዙ ቀጡሽ?»